በቤት ስለሚሠራ የመንግሥት ሥራና ስለ ዕረፍት ጊዜ

ጊዜ ለሰው ሁሉ እኩል የተሰጠ ሀብት ነው፤ ባለጸጋው በቀን ከ24 ሰዓት በላይ አያገኝም፥ ድኻውም ከዚያ አያንስበትም። ነገር ግን ጊዜው እኩል ቢሰጥም በጊዜው ላይ የሚያዝዘው እኩል አይደለም። ገበሬውን ዝናምና ፀሐይ ያዝዙታል፤ ወታደሩን መለከት፥ ካህኑን ደወል፥ የመንግሥት ሠራተኛውንም በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለው የፊርማ መዝገብ ያዝዘዋል። እነዚህ አዛዦች ሁሉ አንድ የሚመሰገኑበት ጠባይ ነበራቸው፤ ይኸውም የሚያሰናብቱበት ሰዓት የታወቀ መሆኑ ነው። ፀሐይ ሲጠልቅ በሬው ከቀንበር ይፈታል፤ መዝገቡም ሲዘጋ ጸሐፊው ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በእኛ ዘመን ግን የመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው መኖሪያ ቤት ገብቷል፤ ከገባም በኋላ የሚወጣበት ሰዓት አልተወሰነለትም። ስለዚህ ነገር ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ሠራተኛን የሚያዝዙ ሹማምንትና ሕዝብን የሚያስተምሩ ካህናት፥ ጥቂት እንዲያስቡበት ብለን የሚከተለውን ጽፈናል።

ይህ አሠራር ወደ አገራችን በሰፊው የገባው በክፉ ቀን ነው። የኮሮና ደዌ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፥ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞች ብዙዎቹ ሥራቸውን በቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ታዘዘ። ይህን የሚጽፈውም ሰው ወረቀቱንና ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ከሄዱት አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ክራቫቴን አስሬ በሳሎኑ ጠረጴዛ ስቀመጥ ባለቤቴ ባየችኝ ጊዜ ጤንነቴን ጠየቀችኝ። ጎረቤታችን የሆኑት እማማ ግን ነገሩን በሌላ ተርጕመውት ኖሮ በሦስተኛው ቀን መጥተው «አይዞህ ልጄ፥ እግዚአብሔር ሌላ እንጀራ አያሳጣህ» ብለው አጽናኑኝ፤ ከሥራ የተባረርሁ መስሏቸዋልና።

በዚያ ሳምንት ብዙ ሥራ ሠራሁ። በመሥሪያ ቤት ሦስት ቀን የሚፈጅብኝን እርማት በአንድ ቀን ተኩል ጨረስሁት። በር የሚያንኳኳ የለም፤ ስብሰባ የለም፤ በሻይ ሰዓት ተጀምሮ እስከ ምሳ የሚቆይ ወሬም የለም። የተረፈው አንድ ቀን ተኩል ወዴት እንደ ሄደ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በቴሌግራም የሚላላኩበት ጉባኤ ተቋቁሞ ስለ ነበር ትእዛዝ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ይመጣል፤ በእሑድም ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ስንከታተል ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። እርሳቸውም የበላያቸው የሆኑት ሰው ሥራ ፈትተው እንዳይመስላቸው ይፈሩ ነበር፤ እኔም እርሳቸው እንዳይመስላቸው እፈራ ነበርና ለሌሊቱ መልእክት በሌሊት እመልሳለሁ። ማንም ማንንም ስለማያይ ሁሉም ሲሠራ የሚታይበትን መንገድ ይሻ ጀመር። እንዲህ ሆኖ ከሁለት ወር በኋላ ከመሥሪያ ቤት ውዬ ከምመጣበት ቀን ይልቅ ከቤቴ ሳልወጣ የዋልሁበት ቀን ይበልጥ ያደክመኝ ነበር።

የሐሳቡ መነሻ ግን ከደዌው ይቀድማል። በ1973 እ.ኤ.አ. ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሎስ አንጀለስ ከተማ መንገድ በመኪና ብዛት መታነቁን አይቶ፥ ሠራተኛውን ወደ ሥራው በየቀኑ ከማጓጓዝ ሥራውን በስልክ ሽቦ ወደ ሠራተኛው መላክ አይሻልምን ብሎ ጠየቀ፤ ለዚህም አሠራር በእንግሊዝኛ ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ እጥረት በአሜሪካ ስለ ደረሰ ጥያቄው ብዙ ሰሚ አገኘ። በአዲስ አበባም ነገሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ በሁለት ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ አደባባይ ለመድረስ በጨለማ የሚሰለፈውን ሰው ማየት ይበቃል። ይህ ሰው ጧትና ማታ በሰልፍና በመንገድ የሚያጠፋው ጊዜ ለመንግሥትም ለቤተ ሰቡም አይውልም። በዚህ በኩል በቤት ሆኖ መሥራት ያለውን ጥቅም የሚክድ ቢኖር በገዛ መኪናው የሚመላለስ ሹም ብቻ ይሆናል።

ጥቅሙ በቍጥር ተመርምሯል። በ2010 እና በ2011 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ ከተማ አንድ የጉዞ ወኪል ድርጅት፥ በስልክ ደንበኞችን ከሚያስተናግዱት ሠራተኞቹ መካከል ፈቃደኞች የሆኑትንና ለዚህ የሚበቁትን በሁለት ከፈላቸው። ከፍሉም በዕጣ ነበር፤ የተወለዱበት ቀን ቍጥር ሙሉ የሆነው ከአምስቱ የሥራ ቀን አራቱን በቤታቸው፥ ጎዶሎ የሆነው በመሥሪያ ቤት ሆነው ዘጠኝ ወር ሠሩ። ሙከራውን የመረመሩት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ብሉምና ጓደኞቹ በ2015 እንዳሳተሙት፥ በቤት የሠሩት ሠራተኞች ሥራ በመቶ 13 እጅ ጨመረ፤ ሥራውን ጥሎ የሚሄደውም ሰው በግማሽ ቀነሰ። ይህን ብቻ የሰማ ሹም ነገ የመሥሪያ ቤቱን ሕንፃ ያከራይ ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ከ13 እጅ ውስጥ 9 እጁ የተገኘው ሠራተኞቹ ስለ ፈጠኑ አይደለም፤ በፈረቃቸው ውስጥ የሚያርፉበትና በሕመም የሚቀሩበት ጊዜ ስላነሰ ነው። ፍጥነት ያስገኘው 4 እጅ ብቻ ነበር። ትርፍ ተብሎ የተጻፈው የሚበዛው ክፍል እንግዲህ ከሠራተኛው ዕረፍት የተወሰደ ነው።

ሙከራው ካለቀ በኋላ እንደ ገና እንዲመርጡ በተፈቀደላቸው ጊዜ ከግማሽ የሚበልጡት የቀድሞ ምርጫቸውን ለወጡ። ብዙዎቹ ብቸኝነት እንዳስጨነቃቸው ተናገሩ፤ ደግሞም በቤት የሠሩት እኩል ሠርተው ሳለ ለሹመት የሚታጩት ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ይህ የኋለኛው ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ደጅ ያልጠና ሰው እንደማይታወስ አባቶቻችን በቤተ መንግሥት ደጅ ቆመው የተማሩት ነው። ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው ቤትን ወይም መሥሪያ ቤትን ከመረጡ በኋላ ግን ትርፉ ወደ 22 እጅ ከፍ አለ።

አሁን ወደ ጥርጣሬው እንመለስ። ሠራተኛው ከዐይን ሲርቅ አለቃው መጨነቁ የታወቀ ነው፤ ከጭንቀቱም የተነሣ መጠበቂያ ፈለገ። ዛሬ በብዙ አገር የሠራተኛው ኮምፒዩተር ጣቱ ስንት ጊዜ እንደ መታ፥ በጠረጴዛው ላይ የምትንቀሳቀሰውም መሣሪያ ስንት ደቂቃ እንደ ቆመች ለአለቃው ይናገራል። ሰው ደግሞ ብልኅ ነውና ባለቤቱ ሻይ ሲጠጣ ያችን መሣሪያ ወዲያና ወዲህ የሚያናውጥ ሌላ ትንሽ መሣሪያ በገበያ ወጣ። በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ታላቅ የአሜሪካ ባንክ የሥራን መልክ በሐሰት አሳይታችኋል ብሎ ከደርዘን የሚበልጡ ሠራተኞችን አሰናብቷል። አንድ መሣሪያ ሥራን ሊጠብቅ፥ ሌላው መሣሪያ ሥራን ሊመስል፥ በመካከላቸው ሥራው ራሱ ተረስቶ ቀረ።

የዚህ ነገር አባት ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሠራተኛን እንቅስቃሴ ሁሉ በሰዓት እየለኩ እንዴት ማስተካከል እንደሚገባ አስተማረ፤ እንደ ራሱ አተራረክ ቀድሞ በቀን 12 ቶን ተኩል ብረት ይጭን የነበረውን ሰው ወደ 47 ቶን ገደማ እንዲጭን አድርጎታል። ብረት መጫን በዚህ መንገድ ይለካ ይሆናል፤ ብረቱ ይታያል፥ ይመዘናልና። አንድ ደብዳቤ በመልካም ተጽፎ ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ቢያስታርቅ ወይም በክፉ ተጽፎ አሥር ዓመት ቢያከራክር ግን በጣት ምት ቍጥር ልዩነታቸው አይገኝም።

ዛሬ በየስብሰባው የሚነገረው «ምርታማነት» የሚባለው ቃል ከየት እንደ ተወለደ ማስታወስ ደግ ነው። ምርት ማለት በአውድማ ላይ ተወቅቶ፥ በመንሽ ተዘርቶ፥ ከገለባው የተለየው እህል ነው። ገበሬ ምርቱን የሚያውቀው ጎተራው አፍ ላይ ነው፤ በሬዎቹ በአውድማው ስንት ዙር እንደ ዞሩ ቈጥሮ «ዘንድሮ መልካም ምርት አገኘሁ» የሚል ገበሬ አላየንም። በመሥሪያ ቤቶቻችን የሚቀርበው የየሩብ ዓመቱ ዘገባ ግን የበሬ ዙር ቈጠራ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል፤ ይህን ያህል ስብሰባ ተደረገ፥ ይህን ያህል ደብዳቤ ወጣ፥ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ ይላል፤ ጎተራው አፍ ላይ ማን ቆሞ እንዳየ አይናገርም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ከቤተ መንግሥቱ ትምህርት በፊት የቤተ ክህነቱን የቀመሰ ስለ ሆነ፥ ከዐይን ርቆ መሥራት ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አለመሆኑን ይመሰክራል። የቅኔ ቤት ኑሮ የሚያውቅ ካህን ነገሩን ያስተውለዋል። የኔታ ማታ ቅኔውን ዘርፈው፥ ግሱንና አገባቡን አስረድተው ተማሪውን ያሰናብቱታል። ተማሪው በማግሥቱ ደበሎውን ደርቦ ወደ ገደል አፋፍ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ብቻውን ይሄዳል፤ በዚያም ዐይኑን ጨፍኖ፥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፥ ድንጋይ ተንተርሶ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል። መንገደኛ ቢያየው ሥራ ፈት ይለዋል፤ ቡችላ ይዛ የምታልፍ ሕፃን ደግሞ ያበደ ይመስላታልና ትሸሻለች። የኔታ ግን ከኋላው ሰላይ አይሰዱበትም። ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጠ፥ አሸልቦትም እንደ ሆነ አይጠይቁትም። ማታ በፊታቸው ቆሞ ቅኔውን ሲነግር ቤቱ ከመታ፥ ሰሙና ወርቁ ከተገጠመ፥ ቀኑን እንዴት እንዳዋለው ታውቋል፤ ካልገጠመም ያርሙታል፥ ካልሠራም ያፍራል። በዚያ ቤት የተማሪው ቀን የተማሪው ነበር። ዳኝነቱ በማታ ነበር፥ ዳኛውም ሥራውን ከተማሪው ይልቅ የሚያውቁ ነበሩ።

ይህ የኋለኛው ነገር ዋና ነው ብለን እናምናለን። የኔታ ቅኔን ስለሚያውቁ ሰዓት መቍጠር አላስፈለጋቸውም። ሰዓት የሚቈጥረው አለቃ ብዙ ጊዜ የበታቹ የሚሠራውን ሥራ መልካሙንና ክፉውን ለይቶ የማያውቅ አለቃ ነው፤ የማያውቀውን መመዘን ስለማይችል የሚያውቀውን፥ ማለት ሰዓቱን፥ ይመዝናል። እኔም በጎልማሳነቴ የአንድ ክፍል ኀላፊ በሆንሁ ጊዜ የማላውቀው የሒሳብ ሥራ ተጨምሮልኝ ስለ ነበር፥ ሒሳብ ሠራተኞቹን በየጧቱ በመግቢያ ሰዓት ስቈጣ እኖር ነበር። ጋዜጣ አራሚዎቹን ግን አንድ ቀን እንኳ በሰዓት ተቈጥቼ አላውቅም።

ስለ ዕረፍት ቀን ደግሞ እንናገር። ለሐዋርያት ስም የተሰጠውና በ4ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጠናቀረ ሊቃውንት የሚናገሩለት የጥንት የሥርዓት መጽሐፍ፥ ባሮች አምስት ቀን እንዲሠሩና ቅዳሜና እሑድ ግን ከሥራ ተፈትተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ያዝዛል። በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የሆነው ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኞቹ የአምስት ቀን ሥራ በ1926 እ.ኤ.አ. በወሰነ ጊዜ ዓለም እንደ አዲስ ነገር ተደነቀበት፤ የጥንቱን ሥርዓት የሚያነብ ካህን ግን በአሮጌ መጽሐፍ ያገኘዋል። ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው። ፎርድ ያረፈ ሠራተኛ ይበልጥ ይሠራል፥ ጊዜ ያገኘ ሰውም ዕቃ ይገዛል ብሎ አስቦ ነበር፤ የጥንቱ ሥርዓት ግን ባሪያውን ያሳረፈው በሰኞ ይበልጥ እንዲያርስ አይደለም፤ ባሪያውም ነፍስ ስላለው ነው።

በአገራችንም ስለ ዕረፍት ቀን የተደረገው ክርክር ቀላል አልነበረም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ስላሉ ተቃውሞ ደርሶባቸው ከአገር ወጥተው በአርመን አገር ዐረፉ፤ ደቀ መዛሙርቶቻቸውም ለመቶ ዓመት ያህል በዚህ ነገር ከሌላው ወገን ተለይተው ኖሩ። በመጨረሻ በ1450 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ሰው ስለ ሥራ ብዙ ሊከራከር ይችላል፤ ስለ ዕረፍት ይህን ያህል ዘመን የተከራከረና ስለዚህም የተሰደደ ሕዝብ ግን ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች የበዓላት ብዛት አደኸየን ሲሉ መስማታችንን አንሸሽግም። በ5 አቦ፥ በ7 ሥላሴ፥ በ12 ሚካኤል፥ በ19 ገብርኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ27 መድኃኔዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ እያሉ ይቈጥሩብናል። ዝናም በወረደበት ሳምንት ሞፈር ማንጠልጠል ጉዳት ያለው መሆኑን እኛም አንክድም፤ በዚህ ነገር ካህናት ለገበሬው የሚገባውን መንገድ ቢያሳዩት መልካም ነው። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ገበሬው በበዓል ቀን ምን እንደሚሠራ ቢያዩ ኖሮ ቍጥራቸውን ያርሙ ነበር። የማኅበሩ ጽዋ የሚዞረው በዚያ ቀን ነው፤ ድንበር የተጋፉት የሚታረቁት፥ የታመመው የሚጠየቀው፥ ጋብቻ የሚታሰበው፥ የእድሩ ሒሳብ የሚታየው በዚያ ቀን ነው። ይህ ሁሉ በማንም የምርት መዝገብ አይጻፍም። ቢጠፋ ግን መንግሥት ለዳኛ፥ ለሐኪምና ለፖሊስ ስንት ብር ተጨማሪ እንደሚያወጣ የገንዘብ ሹማምንት ሊገምቱት ይችላሉ።

ነፃ ጊዜን የሚበላው አለቃ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1930 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሕፈት፥ ከ100 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ቢሠሩ ይበቃቸዋል፥ የሚያስቸግራቸውም የተረፈውን ጊዜ ምን እናድርገው የሚለው ይሆናል ብሎ ነበር። የተናገረለት ዘመን 2030 እ.ኤ.አ. ነው። ሀብቱን በሚመለከት ብዙ አልተሳሳተም፤ ሰዓቱን ግን አላገኘውም። ሰው አንዱን መሣሪያ ባገኘ ቍጥር ባተረፈው ጊዜ ሌላ ሥራ ይገባበታል፤ ዕረፍቱንም ራሱን እንደ ሥራ ይሠራዋል። የወንድሜ ልጅ በቀን አሥር ሺሕ ርምጃ ካልሄደ እንቅልፍ የለውም፤ ርምጃውንም የሚቈጥርለት በእጁ ያሰረው ሰዓት ነው። መጽሐፍ በጆሮው ሲሰማ ጊዜ እንዲቈጥብ አንባቢውን በእጥፍ ፍጥነት ያስነብበዋል። «በቈጠብኸው ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ሌላ መጽሐፍ እሰማለሁ፥ ጋሼ» አለኝ።

ሕግ አውጪዎች ጉዳቱን ተረድተውታል። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣውና ኢትዮጵያም ድምፅ የሰጠችለት ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጹ ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን የሰው ሁሉ መብት አድርጎ ቈጠረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም በ42ኛው አንቀጹ ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፥ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራውን ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለ ስልኩም ፈረንሳይ በ2016 ያወጣችው ሕግ ከ2017 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ መሣሪያውን ዘግቶ የማረፍ መብቱ ከአሠሪው ጋር በድርድር እንዲወሰን አዘዘ፤ ፖርቱጋል ደግሞ በ2021 አሠሪ በዕረፍቱ ሰዓት ሠራተኛውን ካለ ብርቱ ምክንያት እንዳይጠራው ከለከለች። እንዲህ ያለው ድንጋጌ ለእኛም መሥሪያ ቤቶች ይበጃል፤ የሌሊት ትእዛዝ የሚጽፍ ሹም በጧት ቢጽፈው የሚጠፋ ነገር እምብዛም የለምና።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ሠራተኛው ጊዜ ነው። ነገር ግን በመንግሥት ሥራ ዘንድ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ባለጕዳዩ ነው። ከእኔ ጋር በቅኔ ቤት የነበረና አሁን በአንድ የገጠር ደብር በመሪጌትነት የሚያገለግል ወዳጅ አለኝ። የሞተ ወንድሙ ለልጆቹ የተወውን የጡረታ ገንዘብ ለማስፈጸም ማክሰኞ ሰኔ 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጣ፤ አውቶቡሶች በደዌው ምክንያት መቀመጫቸውን ግማሽ ባዶ አድርገው በሚሄዱበት ወራት ነበር። ባረፈበት በእኔ ቤት፥ እኔ በሳሎኑ ጠረጴዛ ለመንግሥት በቤቴ ስሠራ፥ እርሱ መንግሥትን ፍለጋ በየጧቱ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «አባ፥ ኀሙስ ይምጡ» ተባለ። ኀሙስ ሲሄድ ጸሐፊው በዚህ ሳምንት ቤታቸው ሆነው ነው የሚሠሩት፥ ሰኞ ይምጡ አሉት። ሰኞ ሲሄድ ጸሐፊው ተገኙ፥ መዝገቡ ግን ወደ ኀላፊው ተመርቷል፤ ኀላፊውም ቤታቸው ናቸው። ስልክ እንዲደወልላቸው ቢለምን ዘበኛው «ሥራ ላይ ስለሆኑ አይረበሹም» አለው።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ እርሱ በጓዳ ሲጸልይ እኔ በሳሎን ስለ ሥራ ቅልጥፍና የተጻፈ አንድ ዘገባ ሳርም ነበርና ነገሩ አሳፈረኝ። በዘገባው በቤት የሚሠሩት ሠራተኞች የተቀበሉትን ወረቀት በሙሉ መልሰዋል ይላል። ሐሰት አልነበረም። ጸሐፊው ወረቀቱን ለኀላፊው በዕለቱ መርቷል፤ ኀላፊውም አይቶ መልሷል፤ እያንዳንዱ በየቤቱ የተሰጠውን ጨርሷል። የመሪጌታ አሥር ቀን ግን በማንም ጠረጴዛ ላይ ስላልዋለ በማንም መዝገብ አልተጻፈም። ብዙዎቹ የምርታማነት ዘገባዎቻችን የተሠሩት እንዲህ ነው፤ የሹሙን ሰዓትና የጸሐፊውን ሰዓት ይቈጥራሉ፥ በአጥር ሥር ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ሰዓት አይቈጥሩም። በቤት መሥራት ይህን ስሕተት አልፈጠረውም፤ «ነገ ና» ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ቃል ነው። ነገር ግን ቀድሞ ባለጕዳዩ በኮሪዶሩ ቆሞ ሲያዩት ያሳፍር ነበር፤ አሁን የሚያየው የለም።

ስለዚህ በቤት መሥራትን የሚፈቅድ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የትኛው ሥራ እንደሚፈቀድ ይለይ እንላለን። ጽሕፈት፥ ትርጕም፥ ጥናት፥ እርማት በቤት ቢሠራ ይሻላል። ሰው ፊት ለፊት ለሚመጣበት ጕዳይ ግን በየቀኑ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው ይገኝ፤ ዘበኛ፥ አስታማሚና አውቶቡስ ነጂ በየቀኑ በቦታቸው ይገኙ የለምን? በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ጕዳይ በአንድ ሕንፃ መሰብሰቡ ለዚህ የሚረዳ ነው። ከዚህም ሌላ ማመልከቻ የሚቀበል ሁሉ የተቀበለበትን ቀን ለባለጕዳዩ በወረቀት ጽፎ ይስጥ፤ የተፈጸመበትም ቀን በዚያው ወረቀት ይጻፍ፤ በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ቍጥር በሩብ ዓመቱ ዘገባ ከስብሰባው ቍጥር በላይ ይግባ። ይህ ቍጥር ካነሰ ሠራተኛው በቤቱ ወይም በዛፍ ሥር ቢውል፥ በ9 ሰዓትም ጨርሶ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ቢሄድ ማንም አይጠይቀው።

የመሪጌታ ጕዳይ የተፈጸመው ኀሙስ ሰኔ 11 ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ደብዳቤው የተፈረመው ዐርብ ሰኔ 5 ቀን ኖሮ ስድስት ቀን በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የሚነግረው ሰው አልነበረም። የሚያገለግልበት ደብር የቅዱስ ሚካኤል ነው። በዓመቱ በዓል በሰኔ 12 ማኅሌቱን የሚመራው እርሱ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን በአውቶቡስ ውስጥ ዋለ። ማታ እንደ ደረሰ ደወለልኝና ማኅሌቱን ደቀ መዝሙሩ እንደ መራው፥ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ስለ ተከለከለ ጥቂት ካህናት ብቻ እንደ ነበሩ ነገረኝ። «አንተስ፥ ወንድሜ፥ ሥራህን ጨረስኸው?» አለኝ። ከሌሊቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ዘገባው አሁንም በፊቴ ነበር።